በጥቁር ቴፕ የተጠቀለሉ ሁለት ምርኩዞች

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ቁርስ እንቁላል። ቀዝቃዛ። ህመም ከአስር አራት… ደብተሩን የሰጠችኝ ዳርካ ናት፣ የእግር ልምምድ የምታሠራን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። በየቀኑ ህመምዎን ይጻፉ አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። የቀረው ገጽ የራሴ ነው።

ዳሌዬን ከሰበርኩ አምስት ሳምንት። በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ የገዛ ደጄን በረዶ ስጠርግ። ብረት ከተቱልኝ፤ አሁን ደግሞ ምርኩዝ ሰጡኝ። ተራ ምርኩዝ አይደለም። ውስጡ ሴንሰር አለው፣ ምን ያህል እንደተደገፍኩበት ይመዝናል። ከአስር ኪሎ በላይ ከተጫንኩት እጄን ይነዝረኛል። ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ኮሪደሩ ሙሉ ይሰማል። በእግርዎ ይሂዱ፣ በእጅዎ አይሂዱ ማለቱ ነው ትላለች ዳርካ። ሠላሳ አንድ ዓመት አሰልጣኝ ሆኜ የሰው ልጅ ላይ ስጮህ ኖሬ ዛሬ ዱላ ይጮህብኛል።

ማታ ቻርጀሩ ላይ ሲቆም የቀኑን ውጤት ይልክላታል። ከመቶ። የዛሬው ሠላሳ ስምንት። አንድ ልጅ ይሄን ውጤት ይዞልኝ ቢመጣ መንገድ ላይ ከአውቶቡስ አወርደው ነበር።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ባዶው አልጋ ላይ ሰው መጣ። ሃምሳን ያለፈ፣ ትከሻው በር የሚያክል። ኒኬል ማዕድን ውስጥ ድንጋይ ወርዶበት የግራ ጭኑን አድቅቆታል። ሚስቱ ሊዜት ቦርሳውን ተሸክማ ከኋላው። ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ለመቆም ሞከረ።

"አሰልጣኝ ሌህቶ?" አለ። አላወቅኩትም። "ጂስላን ነኝ። ጂስላን ፔሮ። በሰማንያ ሰባት… አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።"

አወቅኩት። ከበረዶ ሆኪ ቡድኔ የቆረጥኩት ልጅ ነው። የቡድኑን ዝርዝር መልበሻ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። ስሙን ያልሰማ የበረዶ ጫማውን ፈትቶ ይወጣል፣ ሌሎቹ እያዩት። እሱን ቁርጭምጭሚትህ ደካማ ነው አልኩት። ውሸቴን ነው። በረዶ ላይ እንደሱ የሚበር ልጅ አልነበረኝም። አውቶቡሱን በነጻ የሚሰጠን ሰውዬ ልጄ ይግባልኝ አለ፣ አንድ ቦታ አስፈለገ… አለቀ።

ለሚስቱ "እኚህ እኮ አሰልጣኜ ናቸው" ብሎ አስተዋወቀኝ። በኩራት። ሦስት ሳምንት እንኳን አላሰለጠንኩትም። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

የምርኩዙ እጀታ ላስቲክ ነው፣ ያንሸራትታል። ልጄ ካይሳ የሆኪ ዱላ እጀታ የሚጠቀለልበት ጥቁር ቴፕ አምጥታልኛለች። ጠቀለልኩት። መጀመሪያ ቴፑን እንደ ገመድ አክርሮ መዞር፣ ከዚያ በላዩ ማልበስ፣ ጫፉ ላይ እብጠት ማበጀት። እዚህ ከተማ የኔን አጠቃለል የማያውቅ የሆኪ ሰው የለም።

ጂስላን አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ቆየና የተረፈውን ለመነኝ። ሲጠቀልል አየሁት… ልክ እንደኔ። ቴፑን በጥርስ መቁረጡ ሳይቀር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ሲጠቀልል ኖሯል። ሳቅ መጣብኝ።

ስማችን የተለጠፈው እጀታው ሥር ስለሆነ ቴፑ ሸፈነው። ዳርካ አየችን፤ የሴንሰሩን መብራት ካልሸፈናችሁት ግድ የለኝም አለች። ህመም አራት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

ካይሳ ሄል የገባበት ጥምዝ ዳቦ ይዛ መጣች። ጣፋጭ ነገር ስታመጣ ክፉ ወሬ እንዳላት ከልጅነቷ አውቃለሁ።

"አባዬ፣ እንዳትጮህ። ቤቱን የሚፈልግ ሰው አለ።"

ጮህኩ። ነርሷ መጥታ ሄደች። ከዚያ ካይሳ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ፌብሩዋሪ አምስት ስብሰባ አለ። ሐኪሙ የሚያየው የምርኩዙን ውጤት ነው። ሰባ ከደረስኩ ብቻውን መኖር ይችላል ብሎ ይፈርማል። ካልደረስኩ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል፣ ራት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤቱም ይሸጣል። ገዢው ጓሮ ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሳውናውን፣ አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ያደርገዋል። ያንን ሳውና በእጄ ነው የሠራሁት። ከሟች ባለቤቴ ከኤይላ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበርን… አርባ ዓመት። ዛሬም ቅዳሜ ነው። የእንፋሎቱ ሽታ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ዳቦውን ለጂስላን ሰጠሁት። ሁለቴ አመሰገነኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

አርባ አንድ። ቀኑን ሙሉ ሲነዝረኝ ዋለ።

የጂስላን ምርኩዝ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። አጥንቱ ገና አልያዘም፤ ስለዚህ መደገፍ አለበት። የሱ የሚነዝረው ከሃያ አምስት ኪሎ በታች ሲደገፍበት ነው። ዳርካ ዛሬ ስታስረዳው ሰማሁ። "አጥንትህ ሲይዝ እገለብጠዋለሁ። ያኔ እንደ አቶ ሌህቶ ቀስ በቀስ ትለቀዋለህ።" መቼ ብሎ አልጠየቃትም። ውጤቱንም አይጠይቅም። ያሉትን ያደርጋል። "እሺ" ነው ቋንቋው።

ከቡድን ለመቆረጥ የተፈጠረ ሰው አለ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

አርባ። አሥራ አምስት ቀን ቀረኝ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ዳርካ የሁለት ሳምንት እረፍት ወጣች። እናቷ ጋ፣ ዊኒፔግ። በቦታዋ የተተካው ብሬት የሚባል ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ነው፤ ሦስት ክፍል ለብቻው ይዟል። ከታብሌቱ ቀና አይልም።

ጽዳቷ ጠዋት ወለሉን ስትወለውል ምርኩዞቹን ከቻርጀሩ አንስታ ነበር። መልሳ አቆመችልን። አንዱን አነሳሁ፣ ወጣሁ። እና… አልነዘረኝም። ኮሪደሩን አራት ጊዜ ተመላለስኩ፣ እንደ ልቤ እየተደገፍኩ፣ አንድም ጢጥ የለም። ተሽሎኛል። ለካ ሰውነት እንዲህ ባንድ ቀን ይመለሳል። ህመም ሁለት። ለካይሳ ደውዬ ያንን ገዢሽን ገደል ግባ በዪልኝ አልኳት።

ጂስላን ግን ሲጮህበት ዋለ። "ምን ሆነሃል፣ መሄድ ረሳህ?" አልኩት። አፍሮ ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

ብሬትን የትናንቱን ውጤቴን ጠየቅኩት። ሃያ ሁለት አለኝ። ሃያ ሁለት። ቆሽቴ አረረ። ማሽንህ ተበላሽቷል አልኩት። ማሽኑ ደህና ነው፣ እርስዎ በጣም እየተደገፉ ነው አለ፣ ቀና ሳይል።

ጂስላን ሻወር ሲገባ ሁለቱንም ምርኩዝ አልጋዬ ላይ አስተኛኋቸው። መንታ ናቸው። በእጄ ያለውን ከሥሩ ቴፑን ላጥ አደረግኩት። ፔሮ ይላል።

ገባኝ። የሱን ይዣለሁ። ተደገፍ ተደገፍ የሚለውን። እሱ ደግሞ የኔን ይዞ፣ እንደታዘዘው ሲደገፍ፣ አትደገፍ እያለ ይጮህበታል። በኔ ስም ሃያ ሁለት ያመጣው እሱ ነው።

አፌን ከፍቼ ብሬትን ልጠራ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ብንቀያየር ወደ አርባዬ እመለሳለሁ። አርባ ማለት ራት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጂስላን ግን ክንዱ የማዕድን ሠራተኛ ክንድ ነው፣ ቀኝ እግሩ ደህና ነው… ይሄ ሰው አትደገፍ የሚለውን ምርኩዝ ቢሰማ በኔ ስም ስንት ያመጣል?

አዲስ ቴፕ ቆርጬ በላዩ ጠቀለልኩበት። በጥርሴ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 25

ጠዋት መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ፊቱ ይጨማደዳል።

"አሰልጣኝ፣ ምርኩዜ ስደገፍበት ነው የሚነዝረኝ። ድሮ የሚነዝረኝ ስለቀው ነበር። ዳርካ ከመሄዷ በፊት ገልብጣው ይሆን?"

"እገለብጠዋለሁ አላለችህም?"

"ብላኛለች። ግን ራጅ ሳልነሳ…"

"አንተ ከምርኩዙ ታውቃለህ? ውስጡ ኮምፒዩተር አለ። ምርኩዙን ስማው።"

"እሺ" አለ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ቀስ ብሎ ምርኩዙን ሲለቅ፣ የደቀቀውን እግር ሲረግጥ። ሲረግጥ ከንፈሩን ይነክሳል። ምርኩዙ ግን ዝም አለ። ሲጋራ እንዳቆመ አጫሽ ኩራት ኩራት ብሎት ዞሮ አየኝ፤ አውራ ጣቴን አነሳሁለት።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ሠላሳ አምስት።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 28

ሃምሳ ሁለት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሥራው ቀላል ሆኗል። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፣ ኮሪደሩን አስመላልሰዋለሁ። "ጉልበት አንሣ። ቀጥ በል። ዱላው ለጌጥ ነው።" ድምፄ ሳይቀር ተመልሷል። ነርሶቹ እያዩ ይስቃሉ፣ ሁለቱ የሆኪ ሰዎች ይሉናል። ብሬት ሲያልፍ "ጎበዝ፣ ሁለታችሁም ጎበዝ" ይላል። እውነቱን ነው፤ በጂስላን ስም ያለው ዘጠና ገብቷል። እኔ ነኝ ያመጣሁለት፣ እንደ ጆንያ ተደግፌ።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ኖሮኝ አያውቅም። ምነው ያኔ ባልቆረጥኩት… የአውቶቡሱ ሰውዬ ልጅ እኮ አንድ ጎል አላገባም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 30

ስልሳ ሦስት። ሊዜት እግሩ አብጧል አለች። እሱ ለልምምድ ነው አላት። ወደኔ ዞራ "እርስዎ ምን ይላሉ?" አለችኝ። ሴትዮዋ ዓይኗ አያምርም፣ ውስጥ ይገባል። ጡንቻ ሲነቃ ያብጣል አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ለነርስ ልንገር ስትል ባልየው ተቆጣት። አሰልጣኝ ፊት ታዋርጂኛለሽ አላት።

የኔ ህመም አንድ። እግሬ ግን ቀጥኗል፣ ሱሪው ወደ ታች ይንሸራተታል።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 1

ከምሳ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አልወጣ አለ። በሩን ገፋሁ። የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጦ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ።

ሲያየኝ ፊቱን በፎጣ ጠረገ። "ቁርጭምጭሚትህ ደካማ ነው ብለውኝ ነበር፣ ያስታውሳሉ?" አለኝ። "እውነትዎን ነበር። ደካማ ነኝ። ሁልጊዜ ስሄድ ትዝ ይለኛል፣ ማዕድኑ ውስጥም… ድንጋዩ ሲወርድ ሌሎቹ ሮጠዋል።"

ልነግረው ነበር። እውነት ልነግረው ነበር፣ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። አራት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው… አራት ቀን ምን ያመጣል?

"ፊትህን ታጠብ" አልኩት። "ሁለት ዙር ይቀርሃል።"

"እሺ" አለ። ታጠበ። ሁለቱንም ዙር ሄደ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሰባ አራት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

ስብሰባው አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐኪሙ ውጤቱን በመስመር አሳየን፣ ከሃያ ሁለት ወደ ሰባ አራት ሽቅብ የወጣ መስመር። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ መሻሻል አላየሁም አለ። ጨበጠኝ። ካይሳ አለቀሰች። ነገ ወደ ቤት። ገዢውን ደውላ አሰናበተችው።

ተነሥተው ሄደው ያሳዩኝ አለማለቱ ተአምር ነው። መስመሩን ነው ያየው፣ እኔን አላየኝም።

ክፍል ስመለስ ለጂስላን ነገርኩት። አጨበጨበልኝ። ተነሥቶ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 6

ቤት። የራሴ ወንበር፣ የራሴ መስኮት።

ምርኩዙ የሆስፒታሉ ስለሆነ ቻርጀሩ ላይ ትቼው መጣሁ። ካይሳ ተራ የእንጨት ምርኩዝ ገዝታልኛለች። ዝም ያለ እንጨት… ጂስላን እስከ አሳንሰሩ ሸኘኝ። "ይዩኝ አሰልጣኝ" ብሎ ምርኩዙን ከወለሉ ብድግ አደረገና ሦስት እርምጃ ተራመደ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። "አየሁህ" አልኩት። የአሳንሰሩ በር ተዘጋ።

ካይሳ መኪና ውስጥ ምን ያለ ደግ ሰው ነው አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሳውናውን ላንድድ ወጣሁ። ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያውን ስረግጥ እግሬ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። መደገፊያውን ይዤ ነው ከመውደቅ የተረፍኩት። ነገ እሞክራለሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ዳርካ ደወለች። ዛሬ ነው የተመለሰችው። ጂስላን ዓርብ እኔ ከወጣሁ በኋላ ኮሪደር ላይ ወድቋል። ያልያዘው አጥንት እንደገና ተሰብሯል፣ የያዘው ብረትም ተጣሟል። ቀዶ ጥገና ክፍል ነው።

ሁለቱንም ቴፕ ልጣ ስሞቹን አይታለች። ተቀያይረው ነበር አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

"አቶ ሌህቶ፣ አላወቁም ነበር?"

"ምን አውቄ?"

"እርስዎ ጋ የነበረው ላይ ቴፑ ድርብ ነው። አንዴ ተልጦ፣ በላዩ አዲስ ተጠቅልሏል።"

"በየሳምንቱ አድሳለሁ። ማንንም የሆኪ ሰው ጠይቂ።"

ከዚያ ውጤቱ የኔ ስላልነበረ እንደገና ልምምድ እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ፤ አልጋ ግን የለም፣ ተራው እስከ በጋ ይደርሳል። ይሁን አልኳት። ቻው ሳትል ዘጋችው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 13

ሁለተኛው ደረጃ አልተቻለም። ህመም… ለማን ነው የምጽፈው?

እሁድ፣ ማርች 1

ከወንበር ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወንበር። ካይሳ በሳምንት ሁለቴ ምግብ ታስቀምጥልኛለች። ራት የምበላው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ መነሳት ስለሚያቅተኝ። ሳውናውን በመስኮት አያለሁ። ጣሪያው ላይ በረዶ ተከምሯል፣ የሚጠርገው የለም።

ዛሬ ስልክ ጮኸ። ጂስላን ነው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና አልቋል። እግሩ አራት ሴንቲ ሜትር አጥሯል። ያለ ምርኩዝ አይሄድም፣ ወደ ማዕድኑም አይመለስም። ይሄን ሁሉ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገረኝ። የደወለው ለሌላ ጉዳይ ነው።

"አሰልጣኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ቴፑን እንደርስዎ ባልጠቀልለው ኖሮ ምርኩዞቹ አይቀያየሩም ነበር። የርስዎንም ህክምና አበላሸሁብዎ። ደረጃ መውጣት አቅቶዎታል አሉ፣ ካይሳ ለዳርካ ነግራት ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ከኋላው ሊዜት ሳህን ስታጥብ ይሰማል። አውቅ ነበር ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል ብቻ… ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዞርኩ። እሱ ይጠብቃል። ያኔም እንዲህ ነበር፣ ዝርዝሩን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ እንኳን ስሙን እየጠበቀ ቁጭ ብሎ ነበር።

"ይሁን" አልኩት። "ይቅር ብዬሃለሁ።"

አመሰገነኝ።